ጥርስ አላት ወይስ የላትም

ውድ መምህር ፍሰሃ፣

«ውድ» ብዬ የጀመርኩት ደብዳቤ እንደዚያ ይጀመራል ብለህ ስላስተማርከኝ ነው። ሌላ ምክንያት አትፈልግበት። ድሮ አንቱ እልህ ነበር። በዕድሜ ብበልጥህም መምህር ነህና አፌ አንተ ለማለት አይደፍርም ነበር። ዛሬ ይደፍራል።

ደብዳቤህ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። ከአዳማ ወልድያ፣ ከወልድያ መርሳ ከሾፌር ወደ ሾፌር ሲዞር ጠርዙ ተበልቷል። መናኸሪያው በር ላይ ሲሰጡኝ አሰለፈች አጠገቤ ነበረች። ከመስኖው ማዶ ያለችው ጎረቤቴ፣ ምላሷን ታስታውሰዋለህ።

«ደግሞ ማን ነው የሚጽፍልሽ?» አለች።

«አንድ የሞተ ሰው ነው» አልኳት።

«የሞተ ሰው እንዲህ አሳምሮ ከጻፈ እኔም ልሙት» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ አነበብኩት።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጤናዬ ሁለት መስመር ጽፈሃል። ስለ አገሩ ሰላም አንድ መስመር ጽፈሃል። ስለ ባሌ ስለ አብዱልሐሊም ምንም አልጻፍክም። የቀረው አንድ ገጽ ተኩል ስለ ሞሷ፣ ቅርፊት ላይ ስለምትበቅለው ስለዚያች ትንሽ አረንጓዴ ነገር ነው። ሾላው ላይ የነበረችው በሕይወት አለች ወይ? ሌላ ቦታ አይተዋት ያውቃሉ ወይ? ፍሬ ይዛ ከሆነ የፍሬዋ አፍ ጥርስ አለው ወይስ የለውም? የሰበሰብኩት ሁሉ ጠፍቷል፣ ከዘጠኝ ዓመት ድካሜ የቀረኝ ይህች ጥያቄ ብቻ ናት፣ የሞሶችን ስም መዝግቦ የሚያወጣው የውጭ አገር ሊቅ እስከ ሚያዝያ ይጠብቀኛል፣ ከዚያ በኋላ ያለ ስም ያልፋታል ትላለህ። «እማማ ዘሀራ፣ አንዲት ቃል ብቻ ይጻፉልኝ» ብለህ ትጨርሳለህ።

እሺ፣ እጽፍልሃለሁ። ቃሏ ከወረቀቱ መጨረሻ ላይ አለች። አሁን ወደ ታች ዘለህ ልትፈልጋት እንደምትችል አውቃለሁ። ዝለል። ነገር ግን መሐሉን ሳታነብ የምታገኛት ቃል አትጠቅምህም።

በ2004 ዓ.ም. በበልግ መጀመሪያ ነበር የመጣኸው። አብዱልሐሊም የፍራፍሬው እርሻ ዘበኛ ነበር። እኔ ከመስኖው ዳር ልብስ አጥብ ነበር። አንድ ከተሜ ሰው፣ ጫማው ጭቃ የማያውቅ፣ ሾላው ሥር ተንበርክኮ አፍንጫውን ቅርፊቱ ላይ ለጥፎ ብዙ ቆየ።

አብዱልሐሊም ዱላውን ይዞ ቀረበህ። «ሰውየው፣ ማንጎው በዚያ በኩል ነው» አለህ።

«ማንጎ አልፈለግሁም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ሾላውን ልትስመው ነው?»

ያን ቀን ነው የተዋወቅነው። በዚህ ቆላ ትኖራለች ብሎ ማንም የማያምናት፣ ከጥፍር የማትበልጥ ነገር እንደምትፈልግ ነገርከን። አንተ ሞስ አልካት። እኛ ስም አልነበረንም ለእሷ። እርጥብ ቅርፊት ላይ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር ሁሉ ለእኛ አንድ ነበር፤ እግር የሚያንሸራትት፣ ሌላ ጥቅም የሌለው። በስድስተኛው ቀን ያገኘኋት እኔ ነኝ። አንተ በመነጽርህ ከላይ ከላይ ስትፈልግ፣ እኔ ምስር ለቅሞ ባረጀ ዓይኔ ከሥሩ አየኋት፤ ሁለት የቅርፊት እጥፋት መካከል፣ ውሃ በሚንጠባጠብበት። ደብዘዝ ያለች፣ ስትደርቅ ቅጠሏ እንደተለበለበ ጠጉር የሚጠቀለል፣ በየቅጠሏ ጫፍ የአቧራ ብናኝ የመሰለ ነገር የምትሸከም። ማጉያህን ዓይንህ ላይ አድርገህ አየሃት። ከዚያ ቁጭ ብለህ አለቀስክ። አብዱልሐሊም አፍሮ ፊቱን አዞረ። «ዘሀራ፣ ሰውየው ምን ሞተበት?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

ከዚያ ወዲያ በየወሩ መጣህ። ሥራውን አስተማርከኝ። በቢላዋ ጫፍ የአውራ ጣት ያህል ብቻ ማንሳት፣ የቀረውን ለዘር መተው። በላስቲክ አለመጠቅለል፣ ይሻግታልና። ወረቀት እንደ ኪስ አጥፎ እዚያ መክተት፣ በጥላ ማድረቅ። ከዛፉ ሥር ሳይነሱ ቦታውን መጻፍ። «ቦታው ያልተጻፈበት ሞስ ቆሻሻ ነው» ትል ነበር። የአንተ ጽሕፈት ለራስህም አይነበብም። የእኔ እጅ አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ በዘበኛው ጎጆ፣ በተገለበጠ የሎሚ ሳጥን ላይ ፊደል አስቆጠርከኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት ቃል ስሜ አልነበረም፤ «ቅርፊት» ነበር። ከዚያ «ሰሜን ጎን»፣ ከዚያ «እርጥብ»። ከዚያ ቦታን በቁጥር ከምታሳየው ትንሿ መሣሪያህ እየተመለከትኩ ቁጥሩን፤ ሰሜን ይህን ያህል፣ ምሥራቅ ይህን ያህል፣ ከፍታ ይህን ያህል። አሰለፈች በመንደሩ «ዘሀራ የዛፍ ብብት መላጨት ጀመረች» እያለች አሳቀችብኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን አልክድህም። ሦስት መቶ ያህል ኪስ በእኔ እጅ ተጽፎ በእንጨት ሳጥንህ ተደረደረ፣ በእያንዳንዱም «ሰብሳቢ» ከሚለው ጎን ያንተን ስም የጻፍኩት እኔው ነኝ። «ያንቱንስ?» ብለህ አንድ ቀን አልጠየቅኸኝም።

የቀረህ ፍሬዋ ብቻ ነበር። ፍሬ ሳትይዝ ያንን ብናኝ እየበተነች ዘጠኝ ዓመት አስጠበቀችህ። ፍሬ ብትይዝ፣ ቆቡ ሲወልቅ የአፉ ዙሪያ ይታያል አልከኝ። ጥርስ ከሌለው በሌላ አገር ያለች የታወቀች ናት። ጥርስ ካለው ማንም ያላያት ናት፣ ስም የምታወጣላትም አንተ ነህ። በየበልጉ መጥተህ «ዘንድሮስ?» ትለኝ ነበር፣ ልጅ አልወልድ ያለችውን ምራት እንደሚጠይቁ።

አሁን ወደማትወደው ደረስኩ።

ነሐሴ 2013 ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ሲሸሽ አንተ ከወልድያ በእግርህ ወደ እኛ መጣህ። ሳጥኑን በጀርባህ አዝለህ። ትውልድህ ከሚመጡት ከትግራይ ታጣቂዎች ወገን ነበርና ከጎረቤትህ ፈርተህ ነበር። ከሚመጡት ደግሞ ፈርተህ ነበር፣ እዚህ የኖርክ በመሆንህ። አብዱልሐሊም አንድ ጥያቄ አልጠየቀህም። «ጎጆው ባዶ ነው፣ ግባ» አለህ። እኛም ያልሸሸነው አንተን ጥለን መሄድ ስላላስቻለው ነው። ይህን ነግሬህ አላውቅም። አሁን እወቀው።

መስከረም ላይ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ አራት ታጣቂዎች እርሻው ገቡ። አብዱልሐሊም ወደ ማንጎው ውሃ እየመለሰ ነበር። ስልኩን ከኪሱ አወጡ። ደሴ ላለው ወንድሙ የደወለበትን አይተው «ወሬ አቀባይ ነህ» አሉት። ከጎጆው አንተን ከነሳጥንህ አወጡህ። በቋንቋቸው አናገርካቸው። ኪሶቹን ከፈቱ፣ አንደኛው አንዷን እፍ ብሎ በተናት፣ ተሳሳቁ፣ ሳጥኑን መለሱልህ። ከዚያ ከአራቱ በዕድሜ የገፋው አብዱልሐሊምን በአገጩ እያሳየ ታውቀዋለህ ወይ ብሎ ጠየቀህ።

«ኣይፈልጦን» አልክ።

አላውቀውም ማለት ነው። ቆቦ ገበያ ከአላማጣ ሴቶች ጋር አስራ አንድ ዓመት በርበሬ ሸጫለሁ። አልሰማሁም ብለህ ራስህን አታጽናና። አብዱልሐሊምም ሰማ። ዘጠኝ ዓመት መሰላልህን የያዘው ሰው ዞሮ አየህ። የተቆጣ አልመሰለኝም። ከአንተ ይልቅ ያፈረ እሱ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ዘሀራ፣ ውሃውን ወደ ሎሚው መልሽው፣ ማንጎው ጠግቧል» አለኝ። ይዘውት ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ከወንዙ ዳር አገኘነው። ጀናዛውን ያጠቡት ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፣ መቃብሩን የቆፈርነው እኔና አሰለፈች። ሴት መቃብር ትቆፍር ዘንድ ወግ አይደለም። ግን መቆፈር የሚችል ወንድ አልነበረም። አንድ ወንድ ነበረ፤ ከቁልቋሉ አጥር ኋላ ቆሞ ያይ ነበር።

ሲመሽ ሳይሆን በማግስቱ ረፋድ መጣህ። «እማማ፣ ፈርቼ ነው። አውቀዋለሁ ብል ሁለታችንንም ይወስዱን ነበር» አልክ።

«ይሁን» አልኩህ።

ውሃ ሰጠሁህ። ጠጣህ። ይቅር ያልኩህ መስሎህ ነበር። እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከእጄ በላህ፣ የጤፉ ዱቄት ሲያልቅ የእኔን ድርሻ በላህ፣ ሌሊት ብርድ እንዳይነካህ የአብዱልሐሊምን ጋቢ አለበስኩህ። አንተም እያለቀስክ «አላህ ይስጥዎት» ትለኝ ነበር፣ በእኔ አምላክ። ለምን እንዳበላሁህ ያኔ ራሴም በደንብ አላወቅሁም። በረሃብ ወይም በብርድ እንድትሞትብኝ አልፈልግም ነበር። እንደዚያ ብትሞት ማንም አልጠየቀህም ማለት ነው።

ታኅሣሥ ላይ እነሱ ወጡ፣ የኛዎቹ ተመለሱ። የቀበሌው ጥበቃዎች ቤት ለቤት ሲፈትሹ ከጎጆው አገኙህ። ኃላፊያቸው ወርቁ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ግራና ገበያ በግ የሚነግድ፣ ጨዋ ሰው። ሳጥንህን ደጄ ላይ ገለበጠው።

«እትዬ ዘሀራ፣ ይህ የአንቱ እንግዳ ነው?»

«በዚህ ዘመን ያልተጋበዘ ሁሉ እንግዳ ነው» አልኩት።

አንዱ ጥበቃ ኪስ ከፍቶ አሸተተ። «ሳር ነው እኮ ውስጡ፣ የደረቀ ሳር።»

«ሳሩ መሸፈኛ ነው፣ ደንቆሮ። ቁጥሩን እይ» አለው ሌላው። «ሰሜን አስራ አንድ ነጥብ፣ ምሥራቅ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ። ከፍታ ሳይቀር! ይህ ለመድፍ የሚሰጥ ቁጥር ነው። ሦስት መቶ ቦታ! ምንጩ አለ፣ ድልድዩ አለ፣ የእኛ እርሻ አለ።»

አንተ ሳይንስ ነው፣ ሞስ ነው፣ ዛፍ ነው እያልክ ትንተባተብ ነበር። በፍርሃት ግማሹ በትግርኛ ወጣብህ። ያ ባሰብህ።

ወርቁ ግን ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው አልነበረም። አንዷን ኪስ ይዞ ወደ እኔ መጣ። «እትዬ፣ አንቱ ከሰውየው ጋር ሲሠሩ ኖረዋል። እኔ ማንበብ አልችልም፣ የማምነውም አንቱን ነው። እስቲ ያንብቡልኝ፣ ምን ይላል?»

«የሾላ ቅርፊት፣ ሰሜን ጎን፣ እርጥብ» ይል ነበር። ጽሕፈቱ የእኔ ነበር፣ እግሯ ሁልጊዜ የሚረዝምብኝ «ቅ» ሳትቀር። ጮክ ብዬ ባነበው ሁሉም ይስቁ ነበር። ወርቁም በሳጥኑ ላይ ረግጦ ይሄድ ነበር፣ አንተም ትድን ነበር። ይህን እያወቅሁ ወረቀቱን ገልብጬ ያዝኩት።

«ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አልኩት። «ለእኔ የጉንዳን መንገድ ነው።»

አየኸኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። «የጻፈችው እሷ ናት» ማለት ትችል ነበር። ወረቀትና እርሳስ ስጧት ማለት ትችል ነበር። ዝም አልክ። እጅህን ወደ ኋላ ሲያስሩህ እንኳ ዝም አልክ። አዳንከኝ ማለት ነው። ያን ዝምታህን እስከ ዛሬ አልወደድኩልህም። አንድ ጊዜ ስሜን ጠርተህ ቢሆን ኖሮ እኩል ነን ብዬ በእፎይታ እተኛ ነበር። እኔ ላይ ጨዋ ለመሆን ድፍረት አገኘህ፣ ባሌ ላይ ግን አላገኘህም።

ስምንት ወር እንደታሰርክ ሰምቻለሁ። ክስ ሳይኖርብህ እንደለቀቁህ፣ አንድ ጆሮህም እንደማይሰማ ሰምቻለሁ። ግራው ይሁን ቀኙ አልጠየቅሁም።

ሳጥንህ በቀበሌው ግቢ ተጥሎ ከረመ። በበልግ ዝናብ ወረደበት። ለስኳር ወረፋ ሄጄ አየሁት። ወረቀቱ ሟሙቶ፣ የደረቁት ሁሉ ውሃ ሲነካቸው ተከፍተው፣ ሦስት መቶው በአንድ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። እንደዚያ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም። አንተ ብታየው ትንበረከክ ነበር። በማግስቱ ግቢውን የሚጠርጉት ሴቶች በአካፋ ዝቀው ጉድጓድ ሲጥሉት ቆሜ አየሁ። ከመሐል አንድ ጭብጥ ማንሳት እችል ነበር። ስኳሬን ይዤ ሄድኩ።

ሾላውን ጠይቀሃል። ታጣቂዎቹ ቅርንጫፉን ሁሉ ለማገዶ ቆርጠውት ነበር። ጥላው ሲጠፋ ግንዱ በፀሐይ ነደደ፣ ሞሷም እንደ ትንባሆ ተፈርፍራ ወደቀች። እዚያ የለችም።

ሌላ ቦታ ግን አለች። ያገኘኋት ለአንተ ብዬ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ያንን ያየ ዓይን ሌላ ማየት እምቢ ስላለኝ ነው። መንገድ ስሄድ ሰው ሰላም ሲለኝ አልሰማም፣ ቅርፊት አያለሁ። አሰለፈች «ባሏን ቀብራ ዛፍ ልታገባ ነው» ትላለች። ከመርሳ በላይ ይሁን በታች፣ ወደ ሐራ ይሁን ወደ ግራና፣ አልጽፍልህም። ሊቁን ብትልክ፣ ገንዘብ ብትልክ፣ የመንግሥት ደብዳቤ ብትልክ አልጽፍም። ራስህ መጥተህ እንዳትፈልግ ደግሞ ወርቁ ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ነው፣ የሚያውቀውም ለመድፍ ቁጥር የሚጽፍ ሰው እንደነበርክ ብቻ ነው። ያንን እንዳርምለት ስንት ቀን ነበረኝ። አላረምኩም።

ዘንድሮ ታኅሣሥ ላይ ፍሬ ያዘች። አንዲት ብቻ። በቀጭን ዘንግ ላይ የቆመች፣ ከሰሊጥ ያነሰች፣ ቆቧን የደፋች። በየሳምንቱ እየሄድኩ አየኋት። ለማንም አልተናገርኩም። አርባ ዓመት ባገባሁት ሰው ሞት የደረቀው ሆዴ ለዚያች ነገር ሲባባ ራሴን ታዘብኩት። የአንተ ደብዳቤ በደረሰኝ ማግስት ጎጆው ውስጥ የረሳኸውን ማጉያ በአንገቴ አንጠልጥዬ ሄድኩ። ፀሐይ ከጀርባዬ አደረግሁ፣ እንዳስተማርከኝ። ቆቧን በመርፌ ጫፍ ገፋሁ። ወደቀ። አየሁ። ትንፋሼ እንዳይነካት አፌን በነጠላዬ ይዤ ደግሜ አየሁ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅከውን ያየ ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያ በሁለት ጣቴ መካከል አሸኋት። አረንጓዴ ዱቄት ሆነች፣ ቀሚሴ ላይ ጠረግኋት። ሌላ ፍሬ መቼ እንደምትይዝ አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው።

እንግዲህ የለመንከኝ ቃል ይኸው፦ አላት።

ጥርስ አላት። አስራ ስድስት ናቸው፣ ቅላታቸው ወደ ቡናማ ያደላ፣ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ። ደስ ሲልህ ይታየኛል። ለሊቁ ልትጽፍ ብዕርህን ስታነሳም ይታየኛል። ታዲያ ከመጻፍህ በፊት ይህን አስብ። ጥርስ ያላቸው አብዛኞቹ አስራ ስድስት እንደሆኑ በሎሚው ሳጥን ላይ የነገርከኝ አንተ ነህ። ይህን ካየሁት ይሁን ካስተማርከኝ አምጥቼ የጻፍኩልህ፣ የምታጣራበት ነገር በእጅህ የለም። ምስክርህ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ በወርቁ ፊት፣ በገዛ ጽሕፈቴ ላይ፣ ፊደል አልቆጠርኩም ያልኩ ሴት ነኝ።

ብታምነኝ ስም አውጣላት። ባታምነኝ ሚያዝያ ይምጣና ያለ ስም ትለፍ። ሁለተኛ ብትጽፍልኝ አነበዋለሁ፣ አልመልስልህም።

ያልታመመው ጆሮህ ደህና ይሁን።

ዘሀራ እንድሪስ
የአብዱልሐሊም ሚስት
መርሳ፣ የካቲት 2016 ዓ.ም.